ካሬ የሠርግ ካርድ፣ ሪባንና ሰም ያለበት፦ ምን ዓይነት ቴምብር ይለጠፍበታል? (ደሴ)

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ጥር ላይ ታገባለች፣ አልሐምዱሊላህ። የካርዱን ጉዳይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ፒያሳ ያለ ማተሚያ ቤት ናሙና አሳይቶኝ ቤተሰቡ ሁሉ ወዶታል። ካርዱ ካሬ ነው፤ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር። ታጥፎ የሚከፈት ወፍራም ወረቀት ነው። በላዩ ቀጭን ሪባን ይታሰርበታል። ፖስታው ደግሞ በቀይ ሰም ይታሸጋል።

አብዛኛውን እዚሁ በእጅ እናድላለን። አዲስ አበባና ጎንደር ግን ዘመዶች አሉን። አክስታችን ጂዳ ናት። የአባቴ ወንድሞች ዋሽንግተን ናቸው። ፎቶውን በስልክ ልከንላቸው ነበር። አጎቴ «እሱን አየሁት፤ አሁን ዋናውን ላኩልኝ፣ ቤቴ አስቀምጠዋለሁ» አለ።

ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቴምብር ነው የሚለጠፈው? ካሬ መሆኑ ለውጥ አለው? ሰሙስ ችግር ያመጣል? ገና አልታተመም። መለወጥ ያለበት ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እንኳን ደስ አላችሁ! አላህ ትዳሯን ያሳምርላት። የአዲስ አበባውን ለምን በአውቶቡስ አትልኪውም? ጠዋት ለረዳቱ ከሰጠሽው ማታ አዲስ አበባ ነው። እኛ ዕቃ የምንልከው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)

አሜን ቦርከና። አስቤው ነበር። ግን ዘመዶቻችን አንድ ሰፈር አይደሉም። አንዱ ኮልፌ፣ አንዱ ሰሚት፣ አንዱ ቃሊቲ ነው። ለአንድ ካርድ መናኸሪያ ድረስ ኑ ማለት ያስቀይማል። አብዛኞቹ ደግሞ በመሥሪያ ቤታቸው የፖስታ ሳጥን ቁጥር አላቸው።

የድሮ መስኮት (ደሴ፣ ሆጤ)

ልጄ፣ ከመታተሙ በፊት መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው መስኮቱ ጋ የሚመጣው ካርዱ ታትሞ፣ ታሽጎ፣ አድራሻ ተጽፎበት ነው። ያኔ የሚቀረው መክፈል ብቻ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ክብደት። በውጭ አገር ደብዳቤ የመጀመሪያው የዋጋ ድንበር 20 ግራም ነው። ከዚያ በአንድ ግራም ብታልፊ የምትከፍይው የሚቀጥለውን እርከን ነው። ማተሚያ ቤቱን ወረቀቱ ስንት ግራም እንደሆነ ጠይቂው። የወረቀት ግራም የሚነገረው በካሬ ሜትር ነው። ለምሳሌ ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ አንድ ኤ4 ሲመዘን 5 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ከነፖስታው 20 ግራም ውስጥ ይገባል።

ያንቺ ካርድ ሲዘረጋ 15 በ30 ነው። ወረቀቱ 300 ግራም ከሆነ ካርዱ ብቻውን 13 ግራም ተኩል ይመዝናል። ፖስታው ወፍራም ከሆነ ሌላ 7 ግራም ገደማ ይጨምራል። ሪባንና ሰም ሳይደርስ 20 አልፏል ማለት ነው። ይህን በየካርዱ አባዢው።

ሁለተኛ ቅርፅ። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ኅብረቱ መደበኛ ለሚባለው ደብዳቤ ልክ አለው። ትንሹ 90 በ140 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 120 በ235 ነው። ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። እዚህ ላይ ነው ካሬ የሚወድቀው፦ ርዝመቱ ቢያንስ የወርዱን 1.4 እጥፍ መሆን አለበት። ካሬ ርዝመትና ወርዱ እኩል ስለሆነ መደበኛ አይባልም። ይላካል፣ ክልክል አይደለም። ግን በተራው ደብዳቤ ዋጋ ይሄዳል ብለሽ አትቁጠሪ።

ሦስተኛ መድረሻ። ለአገር ውስጥ፣ ለጂዳና ለዋሽንግተን ዋጋው አንድ አይደለም። ስለዚህ ካርዶቹን ከቤት ስትወጪ በመድረሻ ለይተሽ እሰሪያቸው። አንድ ሙሉ በሙሉ ያለቀ ካርድ፣ ሪባኑም ሰሙም ያለበት፣ መጀመሪያ ይዘሽ ሂጂና አስመዝኚ። ባዶ ፖስታ አስመዝኖ ቴምብር መግዛት ትርጉም የለውም።

ሰሙን በተመለከተ፣ እኔ አልወደውም። ፖስታው በከረጢት ሲጨናነቅ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ሌላውን ሰው ደብዳቤ ይቧጥጣል። ማሽን ውስጥ ሲገባ ደግሞ እብጠቱ ይይዘዋል። ሰሙን ከወደዳችሁት ካርዱ ላይ ይሁን፣ ፖስታው ላይ አይሁን።

አወያይ

ለሁላችሁም፦ እባካችሁ የብር መጠን እዚህ አትጻፉ። ታሪፍ ይቀየራል፤ ሰው ግን ከዓመት በኋላም ይህን ገጽ አንብቦ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። ዋጋውን መስኮቱ ላይ ጠይቁ። እዚህ ስለ ክብደት፣ ስለ ልክና ስለ አለጣጠፍ እናውራ።

ሀረጎ ማዶ (ከዋሽንግተን አካባቢ)

ሰላም የደሴ ልጆች። እኔ እዚህ ያለውን ልንገርሽ፤ አጎቶችሽ የምስጋና ካርድ መልሰው ሲልኩ ይጠቅማቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ለካሬ ፖስታ ተጨማሪ ይከፈላል። ማሽኑ ፖስታውን የሚያቆመው በረጅሙ ጎን ነው። ካሬ ሲሆን ግን የትኛው ጎን ላይ አድራሻው እንዳለ አያውቅም። እዚህ ያለው ሕግ ርዝመቱ ለወርዱ ሲካፈል ከ1.3 እስከ 2.5 መሆን አለበት ይላል። ከዚያ ከወጣ ማሽን የማይቀበለው ተብሎ ይቆጠራል። ክር የታሰረበት፣ ቁልፍ ያለው፣ ውስጡ ያበጠ፣ እንደ እንጨት ግትር የሆነ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ተብሎ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢራቢሮ ሥዕል ያለው ቴምብር ወጥቷል። የሠርግ ካርድ የሚልክ ሰው እሱን ነው የሚገዛው።

ሌላው፣ ዋጋ ያልተጻፈበት «ፎርኤቨር» የሚሉት ቴምብር አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። ታሪፍ ቢጨምርም ያው አንድ ቴምብር ለአንድ ተራ ደብዳቤ ይሠራል። ግን የሚበቃው ለአገር ውስጥ ደብዳቤ ነው። ወደ ደሴ የሚልክ ሰው ክቡን የውጭ አገር ቴምብር ይግዛ፤ እሱ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከዚህ ሆኖ የአሜሪካ ቴምብር ፖስታ ላይ ለጥፎ «በዚህ መልሱልኝ» ብሎ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው አለ። ያ ቴምብር ደሴ ላይ አይሠራም። ቴምብር የሚያገለግለው ባወጣው አገር ብቻ ነው። ከደሴ የሚነሳ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ያስፈልገዋል።

ቴምብር ሰብሳቢ (ደሴ፣ መናፈሻ)

ይህ ጉዳይ ልቤ ውስጥ ያለ ነው። ጋሼ ስለ ክብደቱ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ቦታው ልናገር።

ፖስታው ፊት ላይ፣ በስተቀኝ ከላይ፣ ለቴምብር የተተወ ቦታ አለ። ከላይ ወደ ታች 40 ሚሊ ሜትር፣ ከቀኝ ወደ ግራ 74 ሚሊ ሜትር ነው። ማተሚያ ቤቱ እዚያ ላይ አበባም ሆነ የሙሽሮቹን ስም እንዳያትም ንገሪው። አድራሻ ከዚያ በታች ይጻፋል።

አሁን ያቺን ቦታ በዓይንሽ ለኪያት። ትልልቅ ቴምብር ከሆነ ሁለት ወይ ሦስት ነው የሚይዘው። ስለዚህ መስኮቱ ላይ «በትልቅ ዋጋ ስጡኝ» በይ። በትንንሽ ዋጋ ከሰጡሽ ቴምብሩ አድራሻው ላይ ይወርዳል። አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ደግሞ የለም። ዋጋው የተሸፈነ ቴምብር አይቆጠርም። ጠርዙ የተቀደደም እንደዚያው።

የድሮዎቹ ይህን አስበውበታል። የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ነው የታተሙት። ሰባት ናቸው። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ገርሽ (የዚያን ዘመን ገንዘብ ነው) የንጉሡን ምስል ይዘዋል። 4፣ 8 እና 16 ገርሽ ደግሞ አንበሳ አለባቸው። እያንዳንዱ ዋጋ የቀደመው እጥፍ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ሂሳብ በጥቂት ቴምብር ትሞያለሽ፤ 7 ገርሽ ከተባለ 4፣ 2 እና 1። ዛሬም ይኸው ነው፤ ከትልቁ ጀምረሽ ወደ ታች ሙዪ።

ስኮች አትለጥፉበት! ይህን በጣም እለምናለሁ። ብዙ ሰው ቴምብሩ እንዳይነቀል ብሎ በላዩ ስኮች ያደርጋል። ማህተሙ ስኮቹ ላይ አይይዝም፤ ቴምብሩም ላይቆጠር ይችላል። በእኛ አገር ጭጋግ ቴምብር በራሱ ይጠቀለላል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ስለዚህ ገዝታችሁ ቤት አታሳድሩት። እዚያው ግዙ፣ እዚያው ለጥፉ። ጀርባውን ትንሽ ብቻ አርጥቡት። ውሃ ከበዛበት ሙጫው ታጥቦ ይሄዳል።

ሥዕሉንም ምረጪ እንጂ። ለመታሰቢያ የወጣ ቴምብርም ለመላኪያ ይሠራል። መስኮቱ ላይ ያለውን አሳዩኝ በይ። ለሠርግ ካርድ ወፍ ወይም አበባ ቢሆን እንዴት ያምራል! ጂዳ ያለችው አክስትሽ ፖስታውን ራሱን ታስቀምጠዋለች።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጥሩ ትምህርት ነው፣ ወላሂ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤት ውስጥ ከቤት ኪራይ ውል የተረፉ ቴምብሮች አሉኝ። ለደብዳቤ ይሆናሉ?

የድሮ መስኮት (ደሴ፣ ሆጤ)

አይሆኑም ልጄ። ያ የገቢ ቴምብር ነው፤ የመንግሥት ቀረጥ የተከፈለበት ማስረጃ ነው። ደብዳቤ ላይ ቢለጠፍ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። የፖስታ ቴምብር ላይ «ፖስታ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሱን እዩ።

ስላልተከፈለ ካነሳን፣ ሒሳቡ የጎደለ የውጭ አገር ደብዳቤ ላይ «ቲ» የምትል የላቲን ፊደል ይመታበታል። ከዚያ ወይ ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ወይ ተቀባዩ የጎደለውን ይከፍላል። ለሠርግ የጠራችሁትን እንግዳ ማስከፈል ደስ አይልም። ሚዛኑ ድንበር ላይ ከሆነ የሚቀጥለውን እርከን ክፈሉ።

የኪዮት ተመራቂ (ኮምቦልቻ)

ይህን ውይይት ልጠቀምበት፣ ይቅርታ። እኔ ዘንድ ያለው ክብ ነገር ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ የተሠራ የቴክኒክ ስዕል ጀርመን ላለ ሰው መላክ እፈልጋለሁ። ማጠፍ አይቻልም። ጠቅልዬ የካርቶን ቱቦ ውስጥ ባስገባው ይወስዱታል? ቱቦው 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የአፉ ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ቴምብሩስ ክብ ነገር ላይ ይይዛል?

የድሮ መስኮት (ደሴ፣ ሆጤ)

ይወስዱታል። ለቱቦ ቅርፅ የተለየ ልክ አለው። የቱቦውን ርዝመት ያዝ፣ የአፉን ስፋት ሁለት ጊዜ ደምርበት። ድምሩ ከ104 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ርዝመቱ ብቻውን ደግሞ ከ90 አይለፍ። ያንተ 60 ሲደመር 16፣ 76 ነው። ብዙ ይቀርሃል። ክብደቱ ከነቱቦው ከ2 ኪሎ በታች መሆን አለበት፤ ካለፈ የጥቅል ዕቃ (ፓርሴል) ነው።

ቱቦው ላይ በቀጥታ አትጻፍ። ነጭ ወረቀት ቁረጥ፣ አድራሻውን ጻፍበት፣ በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ በሙጫ ለጥፈው። ቴምብሩን እዚያው ወረቀት ላይ፣ በረጅሙ አቅጣጫ አድርገው። በክቡ ዙሪያ ከዞረ ጠርዙ ይነሳል። ሁለቱንም አፍ በደንብ ድፈን። ስዕሉን ከማስገባትህ በፊት በላስቲክ ጠቅልለው፤ በክረምት ከረጢቱ ይረጥባል።

የኪዮት ተመራቂ (ኮምቦልቻ)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቱቦውን ትልልቅ ወረቀት ከሚያትሙ ልጆች ነው ያገኘሁት። ወረቀቱ ሲያልቅ የሚጥሉት ነው። የሚፈልግ ሰው ካለ ይጠይቃቸው፣ በነፃ ይሰጣሉ።

የሁለት ልጆች እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

እኔም ልጠይቅ። ለልጄ ስዊድን ደብዳቤ ስልክላት ሙስበሃ (የጸሎት መቁጠሪያ) ውስጡ ላድርግላት ብዬ ነበር። ትንሽ ናት። በተራ ፖስታ ትሄዳለች? ትንሽ በርበሬስ?

ሀረጎ ማዶ (ከዋሽንግተን አካባቢ)

እናቴ፣ ሙስበሃዋ ትሄዳለች፤ ግን በተራ ፖስታ አይሁን። ፖስታ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ካለ ማሽኑ ሲጫነው ወረቀቱን በስቶ ይወጣል። ደብዳቤው ይደርሳል፣ ሙስበሃው መንገድ ላይ ይቀራል። በሁለት ካርቶን መሃል ያስቀምጡት፤ እንዳይንቀሳቀስ ከአንዱ ጋር ይሰፋ ወይም በስኮች ይያዝ። ከዚያ ወፍራም ፖስታ ውስጥ ያድርጉት።

ዕቃ ከገባበት ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ደብዳቤ አይባልም፤ ትንሽ ጥቅል ነው። የጉምሩክ ወረቀት ይሞላበታል። «ሲኤን 22» ይባላል። ምን እንዳለበት፣ ክብደቱና ዋጋው ይጻፍበታል። «ስጦታ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። «የጸሎት መቁጠሪያ፣ 1» ተብሎ ይጻፍ። በሬኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላከው) ቢልኩት ይሻላል። 13 ፊደልና ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይሰጥዎታል፤ የእኛ አገር መጨረሻው በላቲን «ኢ» እና «ቲ» ነው። ልጅዎ በእሱ ትከታተለዋለች።

በርበሬውን ከደብዳቤ ጋር አያድርጉት። ዱቄት በትንሽ ቀዳዳ ይፈሳል፤ የሰው ደብዳቤ ሁሉ ያበላሻል። የምግብ ነገር ለብቻው በጥቅል ዕቃ ነው፤ የተቀባዩ አገር መፍቀዱም አስቀድሞ ይጠየቅ። ሳንቲምና ብርም በደብዳቤ ውስጥ አይላክም።

የሁለት ልጆች እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

አላህ ይስጥህ የኔ ልጅ። በርበሬውን ለሚሄድ ሰው አደራ እሰጣለሁ። ሙስበሃዋን እንዳልከው አደርጋለሁ።

አስተማሪ (ደሴ)

ስለ ያልተለመደ ቅርፅ ካወራን አንድ ነገር ልጨምር። ለዓይነ ስውራን በብሬል የተጻፈ ደብዳቤና መጽሐፍ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ከመደበኛው የፖስታ ክፍያ ነፃ ነው። እስከ 7 ኪሎ ድረስ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ የብሬል መጽሐፍ ወፍራም ነው፣ ይከብዳል ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። በአየር ለመላክ ግን ጭማሪ ሊኖር ይችላል። በጠንካራ ካርቶን ይታሸግ፣ በላዩ ከባድ ነገር አይጫን። ነጥቦቹ ከተጨፈለቁ አይነበብም።

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)

አስተማሪ፣ ይህን ጭራሽ አላውቅም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ዛሬ ማተሚያ ቤት ሄጄ ተነጋገርን። እናቴ ካሬውን በጣም ወዳዋለች፤ በእጅ የሚታደለው ካሬ ይሁን ብላለች። በፖስታ ለሚሄዱት ብቻ በሌላ ልክ ይሠራልናል። ፖስታው 12 በ17 ሴንቲ ሜትር። 17ን ለ12 ሳካፍል ከ1.4 ትንሽ ያልፋል። ወረቀቱን ወደ 250 ግራም ዝቅ አደረግነው። ሪባኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ካርዱ ውስጥ ይያያዛል። ሰሙ ቀርቷል፤ በእሱ ፋንታ ቀይ ክብ ወረቀት ፖስታው ክዳን ላይ ይለጠፋል። የቴምብሩ ቦታ ባዶ ነው።

ጋሼ፣ ሂሳቡን ያዩልኝ? ደግሞ አድራሻውን በአማርኛ ልጻፈው ወይስ በእንግሊዝኛ?

የድሮ መስኮት (ደሴ፣ ሆጤ)

አየሁት። ካርዱ ሲዘረጋ 23 በ16 ተኩል ከሆነ 9 ግራም ተኩል ይመዝናል። ቀለል ያለ ፖስታ 5 ግራም ነው። ሪባኑ ቢጨመርም 20 አይደርስም። ጎበዝ።

ለአገር ውስጥ በአማርኛ ጻፊ፤ ስም፣ ፖ.ሳ.ቁ.፣ ከተማ። ቁጥሩ ከሌለ «ኮልፌ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ብለሽ መጻፍ አይረዳም። የሌለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመዱን ቁጥር ይስጥሽ፤ ስሙን ጽፈሽ «በእገሌ በኩል» በይበት። ለጂዳና ለዋሽንግተን በላቲን ፊደል፣ ቁጥሩም የተለመደው ቁጥር ይሁን። የአገሩን ስም በመጨረሻው መስመር ለብቻው በትልልቁ ፊደል ጻፊው። ያንቺን አድራሻ ከላይ በግራ ወይም ከጀርባ አድርጊ፤ ከታች አይሁን፣ ማሽኑ እሱን አንብቦ ወደ ደሴ ይመልሰዋል።

የውጭዎቹን መጀመሪያ ላኪ። ጥር ከሆነ ኅዳር ውስጥ ይውጡ።

ቴምብር ሰብሳቢ (ደሴ፣ መናፈሻ)

ስትሄጂ ማህተሙን በእጅ፣ በደንብ እንዲመቱልሽ ጠይቂ። የደሴ ስምና ቀኑ በግልጽ እንዲነበብ። ሰው ባልበዛበት ሰዓት ከሆነ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። የምትፈልጊው ሥዕል በቂ ካልሆነ ደግሞ ንገሪኝ፣ የት መስኮት እንደቀረ አጣራልሻለሁ።

የሙሽራዋ እህት (ደሴ)

እሺ፣ ሰኞ ጠዋት አንዱን ካርድ ይዤ አስመዝናለሁ። ወፍ ያለበትን ነው የምጠይቀው።